በጥቁር፣ በ17 እርምጃ፦ ስፓስኪ ሩኩን ለምን ሰጠ?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። አልፎ አልፎ በከተማችንና ደሴ በሚዘጋጁ የቼስ ውድድሮች ላይ እጫወታለሁ። ነጭ ሲደርሰኝ አልከፋም። ጥቁር ሲደርሰኝ ግን ገና ወንበር ላይ ሳልቀመጥ የተሸነፍኩ ይመስለኛል። ጓደኛዬ "ጥቁርም ያሸንፋል" ብሎ አንድ ጨዋታ ላከልኝ። እ.ኤ.አ. በ1970 ቤልግሬድ ላይ ቦሪስ ስፓስኪ በጥቁር ቤንት ላርሰንን በ17 እርምጃ ያሸነፈበት ነው። 14ኛው እርምጃ ላይ ስፓስኪ ሩኩን ዝም ብሎ ይሰጣል። ደጋግሜ አየሁት። ያምራል፤ ግን ከየት እንደመጣ አልገባኝም። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ቢጤ ይመጣል? ሀቂቃውን ይንገሩኝ። ደግሞ ባለፈው ባለ5 ዙር ውድድር ሦስት ጊዜ ጥቁር ደረሰኝ። ይህስ አግባብ ነው?»

አብሽር ወንድሜ። የዙሩን ነገር መጨረሻ ላይ እመልስልሃለሁ፤ እሱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሩኩ፣ በጨዋታው መጀመሪያ ጥግ ላይ የሚቆመው ጠጠር።

ያ ሩክ ያምራል፤ ማንም አይክድም። ግን ያፈጠጥከው የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ነው። ጥያቄህ 14ኛው እርምጃ ላይ ነው፤ መልሱ ያለው ከ4ኛው እስከ 10ኛው ባለው ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ማንም አያጨበጭብም። ወታደር ይገፋል፣ ቢሾፕ ይወጣል፣ በቃ። ጨዋታው ግን እዚያ ነው የተበላሸው።

የነጭ ብልጫ ምንድን ነው? አንዲት ተራ። ሌላ ምንም የለውም። ጠጠሩ እኩል፣ ሰሌዳው እኩል። እሷ አንዲት ተራ ደግሞ ትባክናለች። ነጭ አንዴ ካባከናት እኩል ናችሁ። ሁለቴ ካባከነ ነጩ አንተ ነህ፤ ጠጠርህ ብቻ ነው ጥቁር። ስፓስኪ ያን ቀን ያደረገው ይህንኑ ነው። ላርሰን ሲያባክን ቆጠረ፣ ብልጫው ወደ እሱ መዞሩን አወቀ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ነጭ ተጫወተ።

አሁን ሰሌዳህን አውጣ። ስልኩን ወደ ጎን በለው፤ ጠጠር በእጅህ ያዝ። ዓምዶቹን ከነጭ ግራ ጀምሬ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እያልኩ እጠራለሁ። ቁጥሩም ከነጭ በኩል ይጀምራል።

ላርሰን በቢ3 ጀመረ። ይህን መክፈቻ ይወደው ነበር፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ስፓስኪ ወታደሩን ኢ5 ላይ አቆመ። ነጭ ቢሾፕ ቢ2፣ ጥቁር ፈረስ ሲ6። ነጭ ሲ4፣ ጥቁር ፈረስ ኤፍ6። እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነው።

4ኛው እርምጃ ላይ ላርሰን ፈረሱን ኤፍ3 አወጣ። ጣትህን እዚህ አሳርፍ። ሲያዩት ምንም ነውር የለበትም፤ ፈረስ ማውጣት ለጀማሪ የምናስተምረው ነገር ነው። ግን ጥቁር ኢ5 ላይ ወታደር አለው፤ ወታደሩም ወደፊት ለመሄድ መንገዱ ክፍት ነው። መጀመሪያ ኢ3 ቢል ይረጋጋ ነበር። ስፓስኪ ወዲያው ኢ4 ብሎ ገፋ። ፈረሱ ተነካ፤ ወደ ዲ4 ሄደ። ስፓስኪ ቢሾፑን ሲ5 አውጥቶ እንደገና ነካው። ፈረሱ አማራጭ ሲያጣ ሲ6 ላይ ያለውን ፈረስ በላ፤ ስፓስኪም በዲ ወታደሩ መልሶ በላው።

አሁን ቁጠር። የነጭ ፈረስ ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ መጨረሻ ላይ ከሰሌዳው ወጣ። የጥቁር ፈረስ አንዴ ብቻ ነበር የተንቀሳቀሰው፤ እሱም አብሮ ወጣ። የነጩ ፈረስ ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ ወርዶ ጉዳዩን ሳይጨርስ እንደቀረ ሰው ነው፤ የመኪናው ሒሳብ ግን ተከፍሏል። በዚያው መሀል ጥቁር ኢ4 ላይ ወታደር ተክሏል፣ ቢሾፑን አውጥቷል፣ የዲን ዓምድ ከፍቷል።

በዲ ወታደር መልሶ መብላቱን ዝም ብለህ አትለፈው። ለጀማሪ «ወደ መሀል ብላ» እንላለን፤ በዚያ ሕግ ከሄድን በቢ ወታደሩ መብላት ነበረበት። ስፓስኪ ግን ወደ ዳር ተመለከተ። ለምን ብትል፣ በዲ ሲበላ ሲ8 ላይ ለተቀመጠው ቢሾፕ በር ተከፈተ። ለንግሥቲቱና ለሩኩም ዓምድ ተከፈተ። ዓምዱ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ የነጭ ዲ2 ወታደር ነው። ኢ4 ላይ የተተከለው የጥቁር ወታደር ዲ3ን ስለሚጠብቅ፣ ያ ዲ2 ወታደር ተቀርቅሮ ቀረ። ይህን ወታደር አስታውሰው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀጠሉ። ነጭ ኢ3፣ ጥቁር ቢሾፕ ኤፍ5። ነጭ ንግሥት ሲ2፣ ጥቁር ንግሥት ኢ7። ነጭ ቢሾፕ ኢ2፣ ጥቁር በንግሥቲቱ በኩል ካስል አደረገ፤ ንጉሡን ወደ ዳር ደብቆ ሩኩን አጠገቡ አወጣ ማለት ነው። 9 እርምጃ ሆነ።

እዚህ ላይ አቁም። እኔ ደሴ ላይ ለማሰለጥናቸው ልጆች ይህን ጨዋታ ሳሳይ እዚህ ቦታ ላይ አስቆማቸዋለሁ፤ ወደ 14ኛው ለመድረስ ይቁነጠነጣሉ። የነጭን ተመልከት። የወጡት ሁለቱ ቢሾፖችና ንግሥቲቱ ናቸው። ቢ1 ላይ ያለው ፈረስ እቤቱ ነው። ሁለቱም ሩኮች እቤታቸው ናቸው። ንጉሡ ኢ1 ላይ፣ መሀል ቆሟል። የጥቁርን ተመልከት። ፈረሱ ወጥቷል፤ ሁለቱ ቢሾፖች ወጥተዋል፤ ንግሥቲቱ ወጥታለች፤ ንጉሡ ተደብቋል፤ አንዱ ሩክ ካስል ሲደረግ ዲ8 ላይ ቁጭ ብሎ ያንን ዲ2 ወታደር ያያል። የቀረው ኤች8 ላይ ያለው ሩክ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን እቤቱ ሆኖ ነው ሥራውን የሚሠራው፤ ታያለህ።

የጀመረው ነጭ ነበር። አሁን ማነው የቀደመው?

10ኛው ላይ ላርሰን ወታደሩን ኤፍ4 ገፋ። ለእኔ ከባዱ ጥፋት ይህ ነው። ገና ካስል ሳያደርግ፣ ገና ፈረሱ ሳይወጣ፣ ንጉሡ ፊት ያለውን በር ራሱ ከፈተ። ከኢ1 ተነስተህ ኤፍ2፣ ጂ3፣ ኤች4 እያልክ ተመልከት። ሰያፉ ወለል ብሏል። ስፓስኪ ፈረሱን ጂ4 አስቀመጠ። ያ ፈረስ ኤፍ6ን ሲለቅ የጥቁር ንግሥት ከኢ7 እስከ ኤች4 መንገዷ ተጠረገ። ማስፈራሪያው ኤች4 ላይ ቼክ ነው፤ ንጉሡን መንካት ማለት ነው። ነጭ ፈረሱን በቢሾፑ ቢበላው ንግሥቲቱ ኤች4 ላይ ቼክ ብላ፣ ነጭ በጂ3 ሲከላከል ቢሾፑን ትበላለች፤ በንጉሡ ዙሪያ ያሉት ነጫጭ ካሬዎች ጠባቂ አልባ ይቀራሉ። ስለዚህ ላርሰን ጂ3 አለ።

ስፓስኪ ኤች5። ላርሰን ኤች3፤ ፈረሱን «ውጣ» ማለቱ ነው።

ስፓስኪ ኤች4!

ሰው ሁሉ ስለ ሩኩ ያወራል። እኔን ከጠየቅከኝ የጨዋታው ትልቁ እርምጃ ይህ ነው። ፈረሱ ሊበላ ነው፤ እሱ ወታደር ይገፋል። ይህን ለማድረግ ድፍረት ብቻ አይበቃም። ነጭ ፈረሱን ቢበላ የኤች ዓምድ ይከፈታል፤ ዓምዱ ላይ ያለው ደግሞ ያ «እቤቱ ነው» ያልኩህ ሩክ ነው። ስፓስኪ ያንን ሩክ ለማውጣት አንዲት ተራ እንኳ አላወጣም። በሩን ነጭ ከፈተለት።

«ነጭ ኤች3 ከማለት 12ኛው ላይ ፈረሱን ሲ3 ቢያወጣስ? ልማት አይደል የምትሉት?» ትል ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ለነጭ መሸበት። ጥቁር በሩኩ ዲ2ን ይበላል! ያ የተቀረቀረው ወታደር ይኸው። ነጭ ሩኩን በንግሥቲቱ ቢበላ፣ የጥቁር ቢሾፕ ኢ3ን ይበላል፤ ንግሥቲቱም ተነካች። ወደ ሲ2 ብትመለስ ቢሾፑ ኤፍ2 ላይ ቼክ ይላል። ንጉሡ ኤፍ1 ወይም ዲ1 ቢሄድ ፈረስ ኢ3 ላይ ንጉሥና ንግሥትን አንድ ላይ ይመታል። ዲ2 ቢወጣ ደግሞ ወታደሩ ኢ3 ብሎ ቼክ ይሰጣል፤ ወታደሩ ኢ4ን ሲለቅ ኤፍ5 ላይ ያለው ቢሾፕ ንግሥቲቱን ያገኛታል። በየትም ብትዞር ንግሥት ትሄዳለች። ይህን መስመር በእጅህ አንቀሳቅሰው፤ ከዋናው ጨዋታ ያልተናነሰ ያስተምራል።

ስለዚህ ላርሰን በወታደሩ ፈረሱን በላ። ስፓስኪም ጂ3 ላይ ያለውን ወታደር በላ። አሁን በኤች ዓምድ ላይ ሩክና ሩክ ተፋጠጡ። ነጭ ኤች8 ላይ ያለውን ቢበላ ጥቁር በሌላው ሩክ መልሶ ይበላል፤ ነጭ ኤፍ5 ላይ ያለውን ቢሾፕ ሲበላ ሩኩ ኤች1 ደርሶ ቼክ ይላል፤ ነጭ ቢሾፑን ኤፍ1 አስገብቶ ይከላከላል፤ ከዚያ ወታደሩ ጂ2 ገብቶ ያንን መንቀሳቀስ የማይችል ቢሾፕ ይይዘዋል። ያለቀ ነው። ላርሰን ይህን ስላየ 14ኛው ላይ ሩኩን ወደ ጂ1 አሸሸው። ሩኩ እዚያ ቆሞ ጂ2ን ይጠብቃል። ወታደሩ ጂ2 ቢገባ ይበላል።

እንግዲህ አንተን ያስደነቀህ እርምጃ፦ ሩክ ኤች1።

አሁን ግልጽ ነው። ጂ2ን የሚጠብቀው ያ ሩክ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ ይነሳ። ኤች1 ላይ ያለውን ካልበላ ራሱ በቼክ ይበላል። ከበላ ደግሞ ጂ1ን ለቀቀ። ላርሰን በላ። ወታደሩ ጂ2 ገባ፤ ኤች1 ላይ ያለውን ሩክ ነካ። እዚህ አንድ ነገር ልብ በል። ሩኩ ኤች1 ላይ እስካለ ድረስ የጥቁር ንግሥት ኤች4 መምጣት አትችልም፤ ዓምዱን ስለሚጠብቅ ትበላለች። የወታደሩ ሥራ ሩኩን ከዚያ ማባረር ነው። በኤች ዓምድ ላይ ወደላይ ቢሸሽ ወታደሩ ጂ1 ላይ በቼክ ንግሥት ይሆናል። ጂ1 ቢመለስ ንግሥቲቱ ኤች4 ላይ ቼክ ትላለች፤ ንጉሡ ዲ1 ይሄዳል፤ ንግሥቲቱ ኤች1 ገብታ ሩኩን ትይዘዋለች። ላርሰን ኤፍ1ን መረጠ። ንግሥት ኤች4፣ ቼክ። ንጉሥ ዲ1። ወታደሩ ኤፍ1 ላይ ያለውን ሩክ በልቶ ንግሥት ሆነ፣ ቼክ። ላርሰን እጁን ሰጠ።

ቢቀጥል ምን ይሆን ነበር? ነጭ በቢሾፑ አዲሷን ንግሥት ይበላል። የጥቁር ቢሾፕ ጂ4 ላይ ያለውን ወታደር በልቶ ቼክ ይላል። ነጭ ቢሾፑን ኢ2 መልሶ ቢጋርድ ንግሥቲቱ ኤች1 ላይ ማት ታደርጋለች፤ ንጉሡ መውጫ አጥቶ ያልቃል። ንጉሡ ሲ1 ቢሸሽ ንግሥቲቱ ኢ1 ላይ ቼክ፤ ነጭ ንግሥቱን ዲ1 ላይ ይደቅናል፤ ትበላለች፣ ማት።

አሁን ሰሌዳውን ደግመህ እየው። ቢ1 ላይ ያለውን ፈረስ፣ ኤ1 ላይ ያለውን ሩክ ፈልግ። በጨዋታው ሁሉ አንዴም አልተነቃነቁም። «ሩክና ፈረስ ሰጥቶ እንዴት አሸነፈ?» ብትል መልሱ እዚህ ተቀምጧል። የሰጠው ሩክና ፈረስ ነው፤ ነጭ እቤቱ ያስተኛውም ሩክና ፈረስ ነው። ውጊያው ባለበት ቦታ ላይ ጥቁር የጎደለው ነገር አልነበረም።

ላርሰን ደግሞ እንዲህ የዋዛ ሰው እንዳይመስልህ። ውድድሩ ሶቪየት ኅብረት ከተቀረው ዓለም ጋር ያደረገችው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1962 ዓ.ም.። 10 ሰሌዳ፣ 4 ዙር። ላርሰን በዚያ ወቅት በውድድር ውጤቱ «አንደኛ ሰሌዳ ለእኔ ይገባል» ብሎ ቦቢ ፊሸርን ሁለተኛ ያስቀመጠ ሰው ነው፤ ፊሸርም ሰውን ሁሉ አስገርሞ እሺ አለ። ስፓስኪ የዘመኑ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በመጀመሪያው ዙር እኩል ወጡ፤ በሁለተኛው ይህ ውርደት ደረሰ። በሦስተኛው ዙር ነጭ ስፓስኪ ነበር፤ ላርሰን በጥቁር አሸነፈው። አየህ? በሁለቱ መካከል በዚያ ውድድር አሸናፊ የተለየባቸው ሁለቱም ጨዋታዎች የጥቁር ናቸው። በአራተኛው ዙር ስፓስኪ አልተጫወተም፤ የተተካውን ሊዮኒድ ስታይንንም ላርሰን አሸነፈው። በጠቅላላው ሶቪየት 20½ ለ19½ አሸነፈች።

ነጭ ምንም ብልጫ የለውም እያልኩህ አይደለም። የጠንካራ ተጫዋቾች ጨዋታዎች ተሰብስበው ሲቆጠሩ ነጭ ከ100 ነጥብ ከ52 እስከ 56 ባለው መካከል ያገኛል። ልዩነት አለ። ግን በእኛ ደረጃ ፈረስ በነጻ በሚበላበት፣ ሰዓት በሚያልቅበት ጨዋታ ያቺን ጥቂት ነጥብ የት ታገኛታለህ? «ጥቁር ስለደረሰኝ ተሸነፍኩ» የሚለኝን ልጅ ወረቀቱን አምጣ እለዋለሁ። ስናየው ብዙ ጊዜ 20ኛው እርምጃ አካባቢ የሆነ ጠጠር በነጻ ተበልቷል። ቀለሙ ምን አደረገ?

መቼም ወሬ ካነሳን፣ አያቶቻችን ይህ ራስ ምታት አልነበረባቸውም። በሰንጠረዥ፣ በእኛ ባህላዊ ቼስ፣ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» አለ። ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ እኩል ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ተራ መጠባበቅ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ነጭ ቀደመ፣ ጥቁር ዘገየ የሚባል ነገር የለም። እጁ የፈጠነና ዓይኑ የሌላውን ሰልፍ የሚከታተል ይጠቀማል። እኔ ጥቁር ይዤ ስቀመጥ ይህን ወረራ አስበዋለሁ። እስኪነካኩ ድረስ ያለው ጊዜ የሰልፍ ጊዜ ነው፤ ማን ፈጥኖ አሰለፈ ነው ጉዳዩ።

የስፓስኪ ጨዋታ አጋጣሚ እንዳይመስልህ ሁለት ሌሎች ልንገርህ። አኪባ ሩቢንስታይን እ.ኤ.አ. በ1907 ሎጅ በምትባለው የዛሬዋ ፖላንድ ከተማ ሮትሌቪን በጥቁር በ25 እርምጃ ያሸነፈበት አለ። መክፈቻው ሁለቱም አንዱ የሌላውን እየደገሙ የተጫወቱት ነው፤ ሰሌዳው ከላይና ከታች ይመሳሰላል። ነጭ ግን ንግሥቱን ዲ2 አውጥቶ ቆይቶ ወደ ኢ2 አዞራት። ቢሾፑን ዲ3 አወጣ፣ ሲ4 ላይ በላ፣ ተመልሶ ዲ3። 15ኛው ላይ ነጭ ካስል ሲያደርግ ሰልፉ አንድ ዓይነት ነው፤ የጥቁር ሩክ ግን ዲ8 ደርሷል፣ የነጭ ገና ኤፍ1 ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን የመስዋዕት ዝናብ ራስህ ፈልገህ እየው።

ሌላው የፊሸር ነው። እ.ኤ.አ. 1956፣ ኒው ዮርክ፣ ዕድሜው 13። ዶናልድ በርንን በጥቁር በ41 እርምጃ ያሸነፈበት፣ ንግሥቱን የሰጠበት። ሰው ሁሉ የሚያወራው 17ኛው ላይ ስለተሰጠችው ንግሥት ነው። አንተ ግን 11ኛው ላይ አቁም። ነጭ ንግሥቱን ሦስት ጊዜ አንቀሳቅሷል፤ አንዱን ቢሾፕ ሁለት ጊዜ። ሌላው ቢሾፕ እቤቱ ነው። ንጉሡ ኢ1 ላይ። ፊሸር 4ኛው ላይ ካስል አድርጎ ጨርሷል። ያው ታሪክ ነው።

እንግዲህ «ለእኔ ቢጤ ይመጣል?» ላልከው። ሩኩን ኤች1 ላይ መስጠት ላይመጣልህ ይችላል፤ እኔም ሁሌ አይመጣልኝም። 9ኛው እርምጃ ላይ የነበረው ሰልፍ ግን ይመጣል። በየሳምንቱ ይመጣል። የምትጫወተው ሰው ንግሥቱን ቶሎ ያወጣል፣ አንድ ፈረስ ሦስት ጊዜ ያንቀሳቅሳል፣ ዳር ያሉ ወታደሮችን ይገፋል። ችግሩ አንተ አለመቁጠርህ ነው። ጥቁር ስለያዝክ መከላከል ያለብህ ይመስልሃል፤ ስለዚህ ኤ6፣ ኤች6 እያልክ አጥር ታጥራለህ። በዚያም የእሱን ብክነት በአንተ ብክነት ታጣፋለታለህ። እኩል ትሆናላችሁ፤ ተራው ግን የእሱ ነው።

ከእያንዳንዱ የነጭ እርምጃ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ይህ እርምጃ አዲስ ጠጠር አወጣ፣ ወይስ የወጣውን አዞረ? ሁለት ብክነት ከቆጠርክ ዓምድ የሚከፍት ነገር ፈልግ። ንጉሡ መሀል ላይ ከሆነ ደግሞ አትቆይ፤ ካስል ካደረገ ብልጫህ ይሟሟል። ቆጠራው ግን በልብህ ይሁን። የእርምጃ መመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግ በፊዴ (በዓለም የቼስ ፌዴሬሽን) ሕግ አይፈቀድም፤ እርምጃ፣ ሰዓት፣ የእኩል ጥያቄና ለዳኛ የሚቀርብ አቤቱታን የሚመለከት ነገር ብቻ ነው የሚጻፍበት። ደሴ ላይ አንዱ ልጅ ጠርዙ ላይ ቃለ አጋኖ ሲያደርግ ዳኛው አስጠንቅቆታል።

ቤት ስትገባ ግን እንደልብህ ነው። በጥቁር የተሸነፍክባቸውን ወረቀቶች አውጣ። ከእያንዳንዱ እርምጃ አጠገብ፣ የእሱም የአንተም፣ «ሠራ» ወይም «ባከነ» ብለህ ጻፍ። እስከ 12ኛው እርምጃ ይበቃል። ከዚህ በፊት ስቶክፊሽን፣ ያንን የቼስ ኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አታብራ። ሞተሩ ትክክለኛውን እርምጃ ይነግርሃል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግርህም፤ አንተም ቁጥሩን አይተህ ታልፋለህ። በኢንተርኔት ቼስ በሚጫወቱበት በሊቼስ ላይ መሞከር ከፈለግክ 9ኛው እርምጃ ላይ ያለውን ሰልፍ አስገባና ከጓደኛህ ጋር ጥቁር ይዘህ ተጫወት። ነጭ 10ኛው ላይ ኤፍ4ን ሳይሆን ሌላ ይጫወት። ከዚያ ጠጠር ተቀያየሩ። ያለ ሩክ መስዋዕትም ጥቁር እንደሚመች በእጅህ ይገባሃል።

መክፈቻ አታብዛ። ዩቲዩብ ላይ ያየኸውን ሁሉ አትሞክር። ለኢ4 ኢ5፣ ለዲ4 ዲ5 መልስ፤ ለአንድ ዓመት ይበቃሃል። እንደ ላርሰን በቢ3 ለሚጀምር ደግሞ መሀሉን በወታደር ያዝ፤ ሰጥቶሃልና። ኢ4 ብለህ መግፋት ግን ሁሌ አይሠራም፤ ስፓስኪ የገፋው ፈረስ የሚነካ ስለነበረ ነው። የሚነካ ነገር ከሌለ ያ ወታደር ራሱ ሸክም ይሆንብሃል።

የኮምቦልቻ ልጆች ላይ ሁሌ የማየው ሌላ ነገር አለ። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትመጡ በሸሚዝ ነው የምትመጡት። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ አንዱ ተጫዋች እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያስባል፤ ቶሎ ለመጨረስ ሲል ቶሎ ይጫወታል። ጃኬት ያዝ። ይህም የቼስ ምክር ነው።

የመጨረሻው ጥያቄህ። በ5 ዙር ውስጥ ሦስት ጥቁር መድረሱ ምንም አድልዎ የለበትም። 5 ጎደሎ ቁጥር ነው፤ አምስቱንም የተጫወተ ሰው አንዱ ቀለም አንዴ ሊበዛበት ግድ ነው። ነጥባቸው የተቀራረበ ተጫዋቾች በየዙሩ በሚገናኙበት በስዊስ ሥርዓት ደንቡ የጥቁርህና የነጭህ ልዩነት ከሁለት እንዳይበልጥ፣ አንድ ቀለም ሦስት ጊዜ በተከታታይ እንዳይደርስህ ነው የሚለው። በመጨረሻው ዙር ለመሪዎቹ ሲባል የሚላላበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሦስቱ ጥቁሮች ተከታትለው የደረሱህ ከሆነ የመጠየቅ መብት አለህ። ግን የምትጠይቀው የዙሩ ድልድል እንደተለጠፈ፣ ዳኛው ጋ ሄደህ ነው። ሰዓቱ ከተጫነ በኋላ ብትጠይቅ ዳኛው የሚያደርግልህ ነገር የለም፤ የሚሄደው ደግሞ የአንተ ደቂቃ ነው።